እግር የነሳቸው ውሃ

ጥቅምት 6

ወንድማለም፣

ሰላምታዬ ከሣጥኑ ጋር ነው የመጣልህ፤ ውሃ ስላለበት እንዳታዘነብለው። እኛ ሁላችን ደህና ነን። የአንተን ደህንነት ከእጅ ጽሑፍህ ለመገመት ሞክሬ ትቼዋለሁ፤ ከሐኪም ጽሑፍ ብሷል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ብለሃል። በስልክ ውሃ አይላክማ። ደግሞም የቤታችን ግድግዳ ስስ ነው። ባለቤቴ ዕድሜውን የከተማውን ቧንቧ ሲዘረጋና ሲጠግን የጨረሰ ሰው መሆኑን ታውቃለህ፤ ስለ ውሃ ክፉ ወሬ ሲሰማ እናቱ የተሰደበች ነው የሚመስለው። በእጄ ምንም ሳልይዝ ላስቀይመው አልፈለግሁም። ስለዚህ በአውቶብሱ ሹፌር በኩል እንጻጻፋለን። እዚህ ሁሉም «አደራ» እያለ ነው የሚጠራው፤ እስካሁን የጠፋበት ዕቃ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሥነ ሕይወት ሳስተምር፣ በየዓመቱ ትምህርት ሊከፈት ሲል ልጆቹ ከወንዙ ዳር የእንቁራሪት እንቁላል ያመጡልኛል። በወንዙ ውሃ ጠርሙስ ሞልተን የመስኮቱ ደፍ ላይ እናስቀምጣለን። ይፈለፈላሉ፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ ይዋኛሉ፣ በአራተኛው በአምስተኛው ሳምንት የኋላ እግር ያወጣሉ፣ ከዚያ የፊቱን፣ በመጨረሻ ጭራቸው ያልቃል። የማን እንቁራሪት ቀድሞ እግር ያወጣል ብለው ልጆቹ በእርሳስ ይወራረዳሉ። ዘንድሮ ሰባተኛው ሳምንት አለፈ፣ እርሳስ የበላም የተበላም የለም። አንዱም እግር አላወጣም። ታመው እንዳልል አውራ ጣቴን አክለው ወፍረዋል። ልጆቹ «ባለጭራዎቹ» እያሉ ይስቁባቸዋል፤ እኔ ግን መሳቅ አቅቶኛል።

ከወንዙ በላይ በኩል ያለው የክብሪት ፋብሪካ ከሁለት ዓመት ወዲህ ሥራውን አስፍቷል። የወንዙ ውሃ ቀለሙም ሽታውም ያው ነው። ቢለወጥማ እኔ ምን አስጻፈኝ፣ ሕዝቡ ራሱ ይጮህ ነበር። አንተ ነጭ ጋዋን ለብሰህ የእንስሳ ዕጢ ስታይ የምትውል ሰው ነህና እስቲ ስምንቱን እያቸው።

ሌላም ወሬ አለኝ። ልጄ ሚጡ አርግዛለች፤ ሁለት ወሯ ነው። ባሏ ለሥራ ራቅ ብሎ ስለሄደ እስክትወልድ እኛ ጋ ናት። ለማንም እንዳትናገሪ ብላኛለች። እኔም አልተናገርኩም፣ ጻፍኩ እንጂ።

እህትህ


ጥቅምት 15

እታለም፣

ሣጥኑ ጠብታ ሳይፈስ ደርሷል። አደራ ሲያስረክበኝ «ወንበር ስላልያዙ አላስከፈልኳቸውም» አለኝ። ከስምንቱ ሁለቱ መንገድ ላይ ሞተዋል፤ የቀሩት እየዋኙ ነው። የሚጡን ነገር ሳነብ ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ያቺ ጥርሷ ሲነቀል ጣሪያ ላይ ካልወረወርክልኝ ብላ ያስለቀሰችኝ ልጅ እናት ልትሆን ነው። እንኳን ደስ ያላችሁ።

ይሞቱብኝ ይሆን ወይ ብለሽ በጠርሙሱ ክዳን ላይ ጽፈሻል። አይሞቱም፣ ክፋቱም እሱ ነው። ቢሞቱ ሁሉም ያየው ነበር። እነዚህ ይበላሉ፣ ይዋኛሉ፣ ይወፍራሉ፤ ዕድገታቸው ብቻ ነው ባለበት የቆመው።

ከስድስቱ አንዱን ከፍቼ አየሁት። አንገቱ ሥር ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከሚገባው መጠን በጣም አብጧል። ትንሽ እንቅርት አውጥቷል በይው። ለልጆቹ እንዲህ ብለሽ አስረጃቸው፤ ዕጢው አዮዲን እየለቀመ ሆርሞን ይሠራል፣ እግሩን ውጣ፣ ጭራውን በቃህ የሚለው ያ ሆርሞን ነው። አዮዲን በሚገባበት በር ላይ ቆመው መንገድ የሚዘጉ ኬሚካሎች አሉ። ያን ጊዜ ዕጢው ሥራ የበዛበት መስሎት ያብጣል፣ ሆርሞኑ ግን የለም። የክብሪት ፋብሪካ ከሚጠቀምባቸው ጨዎች ጋር ተያይዞ የሚመጣ ፐርክሎሬት የሚባል አለ፣ አንዱ እሱ ነው። ይህን ስልሽ ወንዙ ውስጥ ገብቷል ማለቴ አይደለም። አንቺን ስለማውቅሽ ነው የማስጠነቅቅሽ፤ ነገ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ ሄደሽ እንዳትቆሚ።

መጀመሪያ ማነጻጸሪያ ያስፈልገናል። ዘግይቶ የተጣለ እንቁላል ካገኛችሁ ሦስት ጠርሙስ አዘጋጂ፤ በእያንዳንዱ አሥራ አምስት አሥራ አምስት። በአንዱ የወንዝ ውሃ፣ በሁለቱ የቧንቧ ውሃ አድርጊ። ቧንቧችሁ ከተራራው ምንጭ ስለሚመጣ ከእሱ የተሻለ ንጹሕ አናገኝም። ክሎሪኑ እንዲወጣ ውሃውን አንድ ቀን ክፍቱን አቆይው። በየሁለት ቀኑ ቀይሪላቸው፣ መቅጃው ለየብቻ ይሁን፣ ምግባቸውም ያው የተቀቀለ ሰላጣ ይሁን። የቧንቧውን ሁለት ያደረግሁት አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተርፍልን ነው።

ለባለቤትሽ ለጋሼ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ብስክሌት ያስተማሩኝ ጊዜ ጉልበቴ ላይ የቀረው ጠባሳ እስካሁን ደህና ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 18

ወንድማለም፣

ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልኩህ ረስቼህ አይደለም። አፍሬ ነው። የሰጠኸኝን ሥራ አበላሸሁት።

እንዳልከኝ ነበር ያደረግሁት። ለወንዙ ቀይ ኩባያ፣ ለቧንቧው ሰማያዊ ኩባያ ገዛሁ። ልጆቹን ተራ አስገባኋቸው፤ አንዷ ልጅማ በሰማያዊው ኩባያ አፏን ልትጉመጠመጥ ስትል ጓደኞቿ ከወንጀለኛ እኩል አዩዋት። ሁለቱ ጠርሙሶች ክፍል ውስጥ፣ ዓይናችን ሥር ናቸው። ለሦስተኛው ቦታ ስላጣሁለት የጽዳት ዕቃ ክፍሉ መስኮት ላይ አስቀምጬ ለእማማ አደራ አልኳቸው። እማማ ትምህርት ቤታችንን የሚያጸዱት አሮጊት ናቸው፤ እኔ ስቀጠርም እዚሁ ነበሩ፣ ስባረርም እዚሁ ይሆናሉ።

ይኸው ውጤቱ። የወንዙ፣ አንድም እግር የለም። ክፍል ውስጥ ያለው የቧንቧ፣ አንድም እግር የለም። እማማ ጋ ያለው የቧንቧ፣ ከአሥራ አምስቱ አሥራ አራቱ እግር አውጥተዋል፤ ሁለቱማ የፊቱንም አውጥተው ክዳኑን ሊዘሉት ይታገላሉ።

አንድ ዓይነት ውሃ እንዴት ሁለት ዓይነት ውጤት ያመጣል ብዬ እማማን ያዝኳቸው። መጀመሪያ ምንም አላደረግሁም አሉ። በኋላ ነው የወጣው። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውሃ የሚቀይሩላቸው ከቧንቧው ሳይሆን ከጣሪያው አሸንዳ ሥር ከተቀመጠው በርሜል ነው። «ቧንቧው ግቢውን አቋርጦ ነው፣ በርሜሉ ደግሞ እዚሁ በሩ ሥር፣ ወገቤንም ታውቂዋለሽ» አሉኝ። «ውሃ ውሃ ነው ብዬ ነው፣ ልጄ።» ተቆጣኋቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የተቆጣኋቸው፤ አለቀሱ።

እንግዲህ ሁለት ማነጻጸሪያ ነበረን፣ አንዱ በዝናብ ውሃ ተበላሸ፣ ሌላው ደግሞ እንዲሁ እምቢ አለ። ሁሉንም ደፍቼ እንደገና ልጀምር ወይ? ከሦስቱም ውሃ አንዳንድ ጠርሙስ ልኬልሃለሁ፤ ለምን እንደላክሁ እኔም በውል አላውቅም። ይቅርታ አድርግልኝ።

እህትህ


ኅዳር 25

እታለም፣

አንዱንም እንዳትደፊ። ዛሬውኑ እማማ ጋ ሄደሽ በእኔም ስም ይቅርታ ጠይቂያቸው። ሥራውን ያዳኑት እሳቸው ናቸው።

በመደዳ ላስቀምጥልሽ። የጣሪያው ውሃ ፋብሪካም ቧንቧም አላየም፤ የእሱ እንቁራሪቶች እግር አወጡ። የወንዙ አላወጡም። የቧንቧውም አላወጡም። ስለዚህ ቧንቧው የሚመስለው ወንዙን ነው። ይህን ለስምንተኛ ክፍል ልጅ ብትሰጪው በአንድ ደቂቃ ይመልሰዋል። አንቺ ያልጻፍሽው ስላልታየሽ ነው ብዬ አላምንም።

ውሃውን ለካሁት። በጣሪያው ውስጥ ምንም የለም። በወንዙ ውስጥ ፐርክሎሬት አለ፣ በቧንቧውም አለ፣ መጠናቸውም ተቀራራቢ ነው። ከቀሩት አምስት ባለጭራዎችሽ ለሦስቱ የታይሮይድ ሆርሞን ውሃቸው ላይ ጠብ አደረግሁላቸው፤ በአሥረኛው ቀን የኋላ እግር አቆጠቆጡ። ያልሰጠኋቸው ሁለቱ እንዳሉ ናቸው። እንግዲህ የጎደላቸው ሆርሞኑ ነው፣ የሚነሳቸውም ውሃው ነው። በዚህ ላይ የሚከራከረኝ ሰው ቢመጣ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ቤትሽ ልምጣ። ሰው እንቁራሪት አይደለም፣ መጠኑም የሚሠራበት መንገድም ይለያያል፤ ላስፈራራሽ አልፈልግም። ነገር ግን ሆርሞኑ አንድ ነው። የሰው ልጅ በማህፀን ሳለ የራሱ ዕጢ ሥራ እስኪጀምር ድረስ የሚያድገው፣ በተለይ አንጎሉ፣ በእናቱ ሆርሞን ነው። እነዚያ የመጀመሪያ ወራት ደግሞ ሚጡ አሁን ያለችባቸው ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ የቧንቧ ውሃ እንዳትጠጣ፣ ለምግቧም አትጠቀሚበት። ማፍላት አይረዳም፣ ፐርክሎሬት በእሳት አይሄድም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደም ወስዳ የታይሮይድ ምርመራ ትላክላት። ጨዋችሁም አዮዲን ያለው ይሁን።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፣ እሱንም የሚመልሰው አንድ ሰው ነው። ጋሼን ጠይቂያቸው። ወደ ከተማው ታንከር ከምንጩ ሌላ የሚገባ ቧንቧ አለ ወይ?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 2

ወንድማለም፣

እማማን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ሻይ ጋበዝኳቸው፤ ሻዩ የበርሜሉ ውሃ ነው ስላቸው ከት ብለው ሳቁ። «አየሽ፣ ወገቤ ከመጽሐፍሽ ይበልጣል» አሉኝ። አሁን ለሚያገኙት ተማሪ ሁሉ ሳይንቲስት እንደሆኑ ይናገራሉ፤ ማን ይከለክላቸዋል።

ሚጡ የበርሜል ውሃ ነው የምትጠጣው። በየቀኑ ሁለት ጄሪካን ከትምህርት ቤት ተሸክሜ እወስድላታለሁ። መጀመሪያ ሐኪም ያዘዘልሽ ነው ብዬ ዋሸኋት። ሐኪም ጋ እንዳልሄደች እሷም ታውቃለችና አፍጥጣ ስታየኝ እውነቱን ነገርኳት። አላለቀሰችም። «ሌሎቹስ ይህን ያውቃሉ?» ብቻ ነው ያለችኝ። ነርሷ ደሟን ወስዳ ልካለች፣ መልሱ ወር ይፈጃል። በዚያው መዝገቧን ገልጣ አየችልኝ፤ በከተማው ክትትል ላይ ያሉ ነፍሰ ጡሮች ከሚጡ ጋር ሃያ ናቸው። ለአሥራ ዘጠኙ ጄሪካን የሚሸከምላቸው የለም። ነርሷ ለሚመጡት ሁሉ የቧንቧውን ተዉት እያለች በጆሯቸው ትነግራቸዋለች፤ ምክንያቱን ሲጠይቋት ግን የምታሳያቸው ወረቀት የላትም።

እስቲ ደግሞ እኔም ልጠይቅህ። ድሮ የምትልክልኝ ፖስታ የመሥሪያ ቤትህ ማኅተም ነበረበት። ያለፈው ደብዳቤህ ግን የመጣው ከሱቅ በተገዛ ተራ ፖስታ ነው። ምን ተፈጠረ?

ባለቤቴ ደህና ነው። ሰላም ብሎሃል።

እህትህ


ታኅሣሥ 9

እታለም፣

ፖስታ የምትቆጥሪ ሰው መሆንሽን ረስቼ ነበር። አለቃዬ በማይመለከትህ ውሃ የመሥሪያ ቤቱን መሣሪያ አትጠቀም ብሎኛል። የተጻፈ ማስጠንቀቂያም ሰጥቶኛል። የለካሁት በዕረፍት ቀኔ ነው። አልነገርኩሽም፤ ነግሬሽ ቢሆን ሣጥኑን መላክ ታቆሚ ነበር።

ሰውዬው ክፉ አይደለም። ያለኝ ይህን ነው፤ «ከእህትህ በጠላ ጠርሙስም ይምጣ በማርማላታ፣ ከየት እንደተቀዳ ኃላፊነት ወስዶ የፈረመበት ሰው ከሌለ ውጤቱ ወረቀት አይደለም።» እውነቱን ነው። ውሃውን የሚያውቅ፣ የተቀዳበትን ቦታ በስሙ የሚመሰክር የውሃ ክፍል ሠራተኛ ያስፈልገናል። ያ ካለ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማኅተም ያለበት ውጤት አወጣለሁ። ያ ከሌለ በእጃችን ያለው የአንድ መምህር ጠርሙስና የአንድ ግትር ወንድም ወረቀት ነው።

«ባለቤቴ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል» ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እታለም፣ የጠየቅሁሽ እሱን አልነበረም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 17

ወንድማለም፣

እሺ። ልንገርህ።

የዚያን ቀን የእማማን እንቁራሪቶች ሳይ ወዲያው ገብቶኛል። ደብዳቤውን ስጽፍልህ ሁሉ ነገር ገብቶኝ ነበር። ሥራው ተበላሸ ያልኩህ ተበላሽቶ በሆነ ብዬ ስለተመኘሁ ነው። ባለፈው በጋ ምንጩ ሲደክም ባለቤቴ አምስት ቀን ሙሉ በሥራ ልብሱ ጭቃ ተለውሶ እየመጣ ነበር፤ ስድስተኛው ቀን ላይ ቧንቧው እንደ ድሮው መጣ። ምን አድርገህ ነው ብዬ አልጠየቅሁትም። ውሃ መጣ፣ ልብስ አጠብኩ።

ቅዳሜ ጠየቅሁት። ሚጡ ገበያ ሄዳ ነበር። የበሰበሰ ጎማ ከቧንቧ መዝጊያ ላይ እያወለቀ ነበር፤ ቀና ሳይል መለሰልኝ።

«ለሁለት ወር ነው የተባልኩት» አለኝ።

የውሃ ክፍሉ ኃላፊ በቃል ነበር ያዘዘው። የወንዙን ፓምፕ ከታንከሩ ጋር አገናኝ፣ ክረምት ሲገባ ትፈታዋለህ፣ ወረቀት አያስፈልገውም አለው። ክረምት ገባ፣ ምንጩ መለስ አለ፣ ግን ከተማው ሰፍቶ ስለነበር አልበቃም፤ መገጣጠሚያው ሳይፈታ ቀረ። በየወሩ «የውሃ ምንጭ፦ ተራራ» ተብሎ የሚሞላው ቅጽ ላይ የሚፈርመው ደግሞ እሱ ነው። ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ነው የቀረው።

«ክሎሪን አድርጌበታለሁ» አለኝ። «እኔም እኮ የምጠጣው እሱን ነው። ሚጡ ስትመጣ በእጄ የቀዳሁላት እሱን ነው።» ጎማውን ወለሉ ላይ ጣለው።

ልቆጣው ተዘጋጅቼ ነበር፤ እንደ እማማ ልጮህበት። አልቻልኩም። እጁን ይዤ ትምህርት ቤት ወሰድኩት። ሦስቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አደረግሁለትና ስለ ዕጢውም ስለ በሩም አንተ እንዳስረዳኸኝ አስረዳሁት። እማማ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ይሰሙ ነበር፤ እንደ ፈታኝ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። እሱ አጎንብሶ የቧንቧውን ጠርሙስ ብዙ አየው። ከዚያ ወጣ።

ማታ እራት ላይ ነገርኩት። እስከ ሰኞ አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ፤ የውሃ ክፍሉ ፊት ቆሜ፣ ከነጠርሙሶቼ፣ ማን እንዳገናኘውም ጭምር አልኩት። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ እንዲህ ብዬው አላውቅም። ወድጄዋለሁ፣ አሁንም እወደዋለሁ፤ ግን ሃያ ሴቶች ናቸው፣ አንዷ ደግሞ ልጁ ናት። ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተነሳ። ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ከእኔ ጋር አይነጋገርም። ጠዋት ሲወጣ የመሣሪያ ቦርሳውን ይዟል።

የሚሆነው ይሁን፣ ሰኞ እሄዳለሁ። ለአንተ መጻፌም ወደኋላ እንዳልል ብዬ ነው።

እህትህ


ታኅሣሥ 24

እታለም፣

ይህን ስታነቢ ሰኞ አልፏል፣ አንቺም ምን እንደሆነ ከእኔ ቀድመሽ አውቀሻል። ቢሆንም በእኔ በኩል የሆነውን ልንገርሽ፤ ምናልባት ጋሼ አይነግሩሽ ይሆናል።

እሑድ ጠዋት አደራ ላቦራቶሪው በር ድረስ መጣ። ሁልጊዜ መናኸሪያ ነበር የሚጠብቀኝ። «ይሄን ከእጄ ወደ እጅህ ስጥ ተብያለሁ፣ ለሌላ ሰው ከሰጠህ ጎማህን አልነፋልህም ብለውኛል» አለኝ። ሣጥኑ ውስጥ አራት ጠርሙስ ነበር፣ በሰም የታሸገ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ፤ ልክ የመሥሪያ ቤት ሥርዓቱ እንደሚያዘው። እያንዳንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። የአንዱን ቃል በቃል ልገልብጥልሽ፦

«ናሙና፦ ከወንዙ ፓምፕ ወደ ከተማው ታንከር የሚገባ ውሃ። የተቀዳበት ቦታ፦ ከታንከሩ በስተኋላ፣ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ በገዛ እጄ ካገናኘሁት መገጣጠሚያ። ሰዓት፦ ከጠዋቱ ሁለት ተኩል። የቀዳው፦»

ከሥሩ ሙሉ ስማቸው፣ የሥራ መደባቸው፣ ፊርማቸው። ጽሑፉ እንደ ሠሩት ቧንቧ ቀጥ ያለ ነው።

ሰኞ ጠዋት ጠርሙሱን ይዤ አለቃዬ ፊት አስቀመጥኩት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። «ይሄ ሰውዬ ምን እንደጻፈ ያውቃል?» አለኝ። ያውቃሉ አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ሥራ ጀምር አለኝ፤ ራሱም ጋዋኑን ለብሶ አጠገቤ ቆመ። ማኅተም ያለበት ውጤት ዛሬ ወጥቷል። አንዱ ለውሃ ክፍሉ፣ አንዱ ለጤና ቢሮው፣ አንዱ ለፋብሪካው ተልኳል። አራተኛው ለነርሷ ነው፤ ከዚህ ጋር አለልሽ። የመሥሪያ ቤቱን ፖስታም ልብ በይልኝ።

ለጋሼ ምን እንደምላቸው አላውቅም። ጉልበቴ ደህና እንደሆነ ንገሪያቸው።

ወንድምሽ


ጥር 28

ወንድማለም፣

ወር ሙሉ ዝም አልኩህ፤ አሁን ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ስሸከም ነው የከረምኩት።

የዚያን ሰኞ ጠርሙሶቼን በቅርጫት ይዤ ውሃ ክፍሉ ስደርስ እሱ ቀድሞኝ ገብቷል። በሩ ክፍት ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ኃላፊው እኔ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልሰጠሁም ይላል። ባለቤቴ «ይሁን፣ ያገናኘሁት እኔ ነኝ፣ የምፈታውም እኔ ነኝ» አለው። ወጥቶ በአጠገቤ ሲያልፍ ቅርጫቱን ከእጄ ተቀበለኝ። ታንከሩ ጋ አብረን ሄድን። መገጣጠሚያውን ሲፈታ መብራት ያዝኩለት፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

አሁን ከሥራ ታግዷል፣ ጉዳዩ ይጣራል ተብሏል። ጡረታው ምን እንደሚሆን አናውቅም። ቧንቧው በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው። አንዳንዱ በመንገድ ላይ ሲያየኝ «ውሃ አድራቂዋ» ይለኛል፤ ነፍሰ ጡሮቹ ግን ከነባሎቻቸው መጥተው የእማማን በርሜል እየቀዱ ባዶ አድርገውታል፤ ትምህርት ቤቱ ከተራራው ምንጭ የሚሞሉ ሁለት በርሜሎች ጨምሯል። ፋብሪካው እጣቢውን ወደ ወንዙ እንዳይለቅ ታዟል፤ ጠበቃ ይዞ ይከራከራል። ይከራከር። ልጆቹ በየሳምንቱ ከወንዙ አንድ ጠርሙስ ቀድተው ቀን ይጽፉበታል፤ ጉዳዩ እስከሚያልቅ አናቆምም።

የሚጡ ምርመራ መጣ። ዕጢዋ ትንሽ ደከም ብሏል አለ ሐኪሙ። መድኃኒት ጀምራለች፣ በየወሩ ትታያለች። ሕፃኑ ደህና ይሆናል ወይ ብዬ ስጠይቀው በጊዜ ደርሳችኋል አለኝ፤ ከዚያ በላይ ማንም እርግጠኛ ሆኖ አይናገርም አለ። ይህን ስሰማ ፈራሁ። አሁንም እፈራለሁ። እሷ ግን ጠንክራለች፣ ይረግጠኛል እያለች እጄን ሆዷ ላይ ታስቀምጠዋለች።

የጻፍኩልህ ግን ለዛሬው ነው። መገጣጠሚያው ከተፈታ በኋላ የቧንቧውን ጠርሙስ እንዳለ አቆየሁት፤ ውሃውን ግን ከአዲሱ የቧንቧ ውሃ እንቀይርላቸው ጀመር። ሥራ የፈታ ሰው ቤት መቀመጥ አይችልም፤ ባለቤቴ በየጠዋቱ ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት መምጣት ጀመረ። የተማሪዎቹን ተራ ወሰደባቸው፤ በሰማያዊው ኩባያ የሚቀዳው እሱ፣ ሰላጣውን የሚቀቅለው እሱ። ደረቱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ያያቸዋል። እግር የሚያወጡ ከሆነ ውሃው ጸድቷል፣ ካላወጡ ሌላ ያልፈታሁት ነገር አለ ይላል። ሚጡንም እሱ እሺ ካላለ የቧንቧ ውሃ እንዳትነካ አዘዛት።

ዛሬ በዕረፍት ሰዓት ሲጠራኝ ሰማሁ። ልጆቹ ከበውት ነበር። በብዕር ጫፍ እያመለከተ ሲቆጥር ደረስኩ፤ ከአሥራ አምስቱ አሥራ ሦስቱ የኋላ እግር አላቸው። እንዳይሳሳት ሦስት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ ዞር ብሎ ፊቱን በክንዱ ጠረገ፤ እማማ አቧራ ነው፣ እኔ ነኝ ያስነሳሁት ብለው ልጆቹን ወደ ውጭ ነዷቸው።

እቤት ስንገባ ኮቱንም ሳያወልቅ ወጥ ቤት ሄደ። ብርጭቆ አጠበ፣ ከቧንቧው ሞላ፣ መስኮቱ ላይ ወደ ብርሃን አድርጎ አየው። መጀመሪያ ራሱ ጠጣ። እንደገና ሞልቶ ለሚጡ ሰጣት። አፉ ድረስ ስለሞላው ጥቂቱ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። እሷ ቀስ ብላ ጠጥታ ጨረሰችና ብርጭቆውን መለሰችለት።

«ድገመኝ» አለችው።

እህትህ